አህያዋ የተሸከመችው

የያዙኝ ከመሳለሚያ ገባ ብሎ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት በር ላይ ነው። የመጽሐፋችን አራተኛ ቅጽ ገና ከማሽን መውጣቱ ነበር፤ ብብቴ ሥር ይዤው ስወጣ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቀኛል። ሁለት ሰዎች መጥተው ግራና ቀኝ ቆሙ። አንደኛው እንደ ቆየ ወዳጅ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለትንሽ ጥያቄ እንደምፈለግ ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት የማስበው ስለ መታሰር አልነበረም። የሽፋኑ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ አድልቶ ስለ ወጣ በማተሚያ ቤቱ ባለቤት ተበሳጭቼ ነበር። ሠዓሊ እንዲህ ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል የእሳቱን ቀለም ቆሞ የሚያይ ፍጥረት።

ጣቢያው ሩቅ ስላልሆነ በእግር ወሰዱኝ። መርካቶ እንደ ወትሮው በራሱ ጉዳይ ተይዟል። ከቁመቱ የሚበልጥ ጆንያ የተሸከመ ሰው ከኋላችን መጥቶ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» ሲል ያዦቼም እኔም ጥግ ይዘን አሳለፍነው። ያን ጊዜ ከሁላችንም የሚበልጥ ሥልጣን የነበረው እሱ ነው። ጉልበቱን ልብ ብዬ አየሁት፤ ቀኙ ቀድሞ ይታጠፋል፣ ግራው ይከተላል። ለሥራዬ የሚሆን ነገር ነበርና በጭንቅላቴ ያዝኩት።

የክፍሉ ግድግዳ እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ድሮ ነጭ የነበረ ነው። ከፍ ብላ ሽቦ የተወጠረባት ትንሽ መስኮት አለች። መስኮቷ በርበሬ ወደሚሸጥበት በኩል ስለምትዞር ነፋስ በመጣ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል፤ ሁሉም ስለሚያስነጥስ «ይማርህ» የሚል ይጠፋል። እኔም ገና በሩ ሳይዘጋ አስነጠስኩ። ጥግ ላይ ፍራሹን አጥፎ የተቀመጠ ሸበቶ ሰው፣ «በል እንግዲህ፣ ከእኛ ጋር ነህ» አለኝና ከአጠገቡ ቦታ አስለቀቀልኝ።

የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ እሱ ነበር። ሸማ ተራ ዕድሜውን በሙሉ ነጠላና ጋቢ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። ጎረቤቶቹን ለአድማ ሱቅ አዘግተሃል ተብሎ ነው የገባው። ማንም በስሙ አይጠራውም፤ ለሁላችንም ጋሼ ነው። ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚታጠብ የሚወስነው እሱ ነው። ተጨናንቀን በጎናችን ስለምንተኛ «ዙሩ» ሲል ሁላችንም አንድ ላይ እንገለበጣለን። ከሰዎቹ ሁሉ እስካሁን ፊታቸው የሚመጣብኝ ከጋሼ ሌላ ሁለት ናቸው። አንዱ ለጥገና ሱቁ ከገባ የሰው ስልክ ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ጣጣ ያመጣበት፣ አፉ የማይዘጋ የሞባይል ጠጋኝ ነው። ሌላው ከጎኔ የሚተኛ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከሰላምታ በስተቀር ቃል አይወጣውም።

ስለ መጽሐፉ ልናገር። የእንስሳት ኮሚክ ነው፣ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ። አንዲት አህያ የታሰረ ጭነት ይዛ መርካቶን በሚመስል የእንስሳት ከተማ ከበር ወደ በር ትሄዳለች። በሮቹን የሚጠብቁት ጅቦች ናቸው። በየበሩ ጭነቱ ምን እንደሆነ ይጠይቋታል፤ አትናገርም። ስለማትናገር ለማለፍ ከራሷ አንድ ነገር መተው አለባት። መጀመሪያው በር ላይ ቃጭሏን ተወች፣ ሁለተኛው ላይ ጥላዋን፣ ሦስተኛው ላይ ስሟን። ከሁለተኛው ቅጽ በኋላ አህያዋን ያለ ጥላ ነው የሣልኳት። ፀሐይ እየመታት ጥላ የሌላት፣ ሆኖም መሬት የረገጠች የምትመስል አህያ መሣል ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሥራዬ እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ።

ታሪኩን የምትጽፈው ግን ጓደኛዬ ነች። አሠራራችን ለሌላ ሰው እብደት ይመስላል። ጭነቱ ውስጥ ምን እንዳለ ነግራኝ አታውቅም። «አንተ ክብደቱን ብቻ ሣል» ትለኛለች። ጠዋት ትመጣና ዛሬ ከትናንቱ ይከብዳል፣ ወይም ትንሽ ቀልሎላታል ትላለች፤ ይህን ይዤ መሳለሚያ ሄጄ የተሸካሚዎችን አንገትና ጉልበት ሳይ እውላለሁ። ሥዕሉን ጨርሼ እሰጣታለሁ። ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ ንግግር በሚጻፍባቸው ክቦች ውስጥ ጥቂት ቃላት ታስገባለች፤ አንዳንዴ ሁለት ቃል ብቻ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የፈጠራ ስም ነው። ከስሙ ጀርባ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንጨቃጨቅም ነበር። እኔ ሰው የሚገዛው ለሥዕሉ ነው እላለሁ። እሷ ሥዕሉ መንገደኛውን ያስቆመዋል እንጂ ለሚቀጥለው ቅጽ የሚመልሰው ታሪኩ ነው ትላለች። እኔ መሸነፍ አልወድም፤ እሷ ደግሞ ማሸነፏን ለመናገር አትቸኩልም፣ ይህ የበለጠ ያናድደኛል።

ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ነው የምቀመጠው። በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ከመታሰሯ በፊት ትሰማ ነበር። እኔ ሳላውቃት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጽሑፍ ምክንያት ነው የታሰረችው። ስለዚያ ጊዜ የነገረችኝ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነው። «ሁለተኛ ከገባሁ አልወጣም» አለች። «በእግሬ ብወጣ እንኳ የምወጣው እኔ አልሆንም።» ከዚያ ስለ ትራፊኩ ማውራት ጀመረች። ያዦቼ ትከሻዬን ሲይዙኝ ይህ ትዝ አላለኝም ነበር። የክፍሉ በር ሲዘጋ ግን ከዚህ በቀር የማስበው አልነበረኝም።

መርማሪው ጮሆ የሚናገር ሰው አልነበረም። አራቱን ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል፤ የአንዳንዱ ገጽ ጫፍ ታጥፏል። አንብቧቸዋል። ጅቡ ማነው አለኝ። ጅብ ነው አልኩት፤ ጻፈው። መጽሐፉ ውስጥ አንበሳ ለምን እንደሌለ ጠየቀኝ። ጎፈር መሣል ስለሚያስቸግረኝ ነው አልኩ። እውነቴን ነበር፤ አላመነኝም፤ ይህንንም ጻፈው።

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና እንደ ተራ አንባቢ ማውራት ጀመረ። ሥዕሉ ጥሩ ነው አለ፤ ታሪኩ ግን ከሥዕሉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጬ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ከፋኝ። የተያዝኩ ሰው መሆኔን ረስቼ ልከራከረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ሁለቱ የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉኝም» አለ። «ሥዕሉ እዩኝ ይላል። ታሪኩ ደግሞ መታየት አይፈልግም።»

በመጽሐፌ ላይ ከተሰጡ አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው ያ ነው፤ የሰጠው ደግሞ መርማሪዬ ነው። ሁለቱም የእኔ ናቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ማተሚያ ቤቱ አካባቢ ከእኔ ጋር አንዲት ሴት ታይታ እንደነበር፣ ስሟን የሚያውቅ እንዳልተገኘ፣ ሰዎቹ የሚያስታውሷት ከኋላዋ ሲጠሯት ስለማትዞር ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ጆሮዋን የሚያማት ትመስላለች አለ። እኔ ደንበኛ ትሆናለች አልኩ። ይህን አልጻፈውም። ይልቅ የአራተኛውን ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ገለጠና ጣቱን አህያዋ ጀርባ ላይ አሳረፈ።

«ጭነቱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

አምስተኛው ቅጽ ላይ እንደሚታወቅ ነገርኩት።

«እሺ። ሠዓሊው ላያውቅ ይችላል፤ ደራሲው ግን ያውቃል» አለ። «ሰሞኑን እጠራሃለሁ። አስብበት።»

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው። ጭነቱ ውስጥ ያለውን ከነገርኩት መጽሐፉ የእኔ ብቻ ነው፣ ሴትዮዋም ደንበኛ ሆና ትቀራለች። ካልነገርኩት ደራሲ መፈለግ ይጀምራል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድ ተረት እንኳ አሳምሬ ተርኬ አላውቅም።

በክፍላችን አንድ ልማድ ነበር። ከቤት የመጣው ስንቅ አንድ ላይ ተበልቶ ካበቃ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን በሚያፈዝበት ሰዓት፣ አዲስ የገባ ሰው ለክፍሉ ጨዋታ ይሰጣል። የሚዘፍን ይዘፍናል፣ የሚቀልድ ይቀልዳል፤ ምንም የሌለው ስለ ሰፈሩ ያወራል። ያን ቀን ጋሼ ተራው የእኔ መሆኑን ሲናገር ስለ አህያዋ ልንገራችሁ አልኩ። ለራሴ ልምምድ መሆኑ ነው።

የጀመርኩት እንዲህ ብዬ ነው። አህያዋ ቆማለች። ብርሃኑ ከግራ በኩል ይመጣል። በስተጀርባዋ የቆርቆሮ ጣሪያዎች አሉ፤ ዝናብ መትቷቸው ያብለጨልጫሉ። የጆሮዋ ጠጉር ጫፉ ላይ ወርቃማ ነው። እዚህ ላይ ቆምኩ፣ ምክንያቱም ሥዕሉ እዚህ ላይ ያልቃል። ሰዉ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ከዛስ?» አለ የሞባይል ጠጋኙ።

ከዛ ጥላ የላትም አልኩ። ለምን እንደሌላት ጠየቀኝ። ሰጥታው ነው። ለማን? ለጅቡ። ጅብ ጥላ ምን ያደርግለታል? ይህን አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ ምን ጽፋ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ገጹን በራሴ እጅ ሥዬው ሳለ በክቡ ውስጥ የነበረችው ቃል ከአእምሮዬ ጠፍታለች። ሁልጊዜ የማየው የራሴን መስመር ነበር ለካ። የሞባይል ጠጋኙ አላስቻለውምና ራሱ መለሰው፤ ጅቡ ጥላውን የሚፈልገው ቀን ላይ ተጋድሞበት ሊተኛ ነው አለ። ጋሼ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የክፍሉ ሆነ።

ከቀትር በኋላ በመስኮቷ የምትገባ ብርሃን አራት ማዕዘን ሆና ግድግዳው ላይ ታርፋለች፤ ቀስ እያለች ከበሩ ወደ ጥጉ ትጓዛለች። እኔ በባዶ ጣቴ እዚያ ብርሃን ላይ እሥላለሁ። ምንም የሚቀር ነገር የለም፣ ግን ሁሉም ያያል። «አሁን ጎንበስ አለች» ብዬ ጣቴን ሳወርድ ጎንበስ ትላለች። ከውጭ የመርካቶ ድምፅ እንደ ወንዝ ይሰማል፤ የመኪና ጡሩንባ፣ የቆርቆሮ ጩኸት፣ «ዞር በሉ» የሚል ሰው፣ ከሩቅ ደግሞ አዛን። ቀስ በቀስ ድምፁ ከአህያዋ ከተማ የሚመጣ ይመስለኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜም ትታየኛለች። በተኙት ሰዎች መካከል ታልፋለች፤ ማንንም እንዳትረግጥ እግሯን እየመረጠች ታነሣለች። ጭነቷ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጥጉ ጋ ስትደርስ ግድግዳው ይከፈትላታል፣ እኔም ነቃ እላለሁ። ደስ የሚል ነገር ነበር። እስር ቤት ውስጥ ደስ የሚል ነገር ነበር ማለት ቢከብድም ነበር።

ጭነቱ ውስጥ ምን አለ የሚለው ክርክር ለክፍሉ የዘወትር ሥራ ሆነ። ጋሼ ያለ ጥርጥር ሸማ ነው አለ፤ ለበዓል የደረሰ፣ ዝናብ እንዳይነካው የታሰረ። የሞባይል ጠጋኙ ስልኮች ናቸው አለ፤ ሁሉም እየጠሩ የሚያነሳቸው የሌለ። ሌላው ጤፍ ነው፣ ሌላው ከፈረሰ ቤት የተረፈ በር ነው አለ። እያንዳንዱ የራሱን የጎደለ ነገር እዚያ ጆንያ ውስጥ ይከታል። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ አንዱም አልከበደልኝም። የሣልኩትን ክብደት እኔ አውቀዋለሁ። ጤፍ እንደዚያ አንገት አያጎብጥም።

አንድ ከሰዓት የተኛ የመሰለን የሒሳብ መምህሩ ሳይዞር ተናገረ።

«ሰው ነው» አለ። «እንደዚያ ቀስ ተብሎ የሚረገጠው ሰው ሲሸከሙ ነው። ተሸክሜ አውቃለሁ።»

ማንን ብሎ የጠየቀው የለም። የሞባይል ጠጋኙ እንኳ ፍራሹን ማስተካከል ጀመረ። በርበሬው መጥቶ ሁላችንንም አስነጠሰን።

እህቴ ስንቅ ይዛ ትመጣ ነበር። ጠባቂው ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጉርሻ ያስቀምሳታል፤ እሷም ዓይኗን ከእኔ ሳታነሣ ትቀምሳለች። ማውራት የሚፈቀድልን ጥቂት ነው። «ሁሉም ደህና ነው» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ሳህኑን ስታቀብለኝ «ሁሉም» ብላ ደገመችው። ገባኝ። ጓደኛዬ ውጭ ናት፣ እስካሁን አልደረሱባትም። ወደ ክፍል ስመለስ እግሬ መሬት የሚረግጥ አልመሰለኝም፤ ወዲያውም ፈራሁ፣ ምክንያቱም መርማሪው ገና አልጠራኝም።

በማግሥቱ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፎቹ የሉም። አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ብቻ አለ። ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ወረቀት የነጣ ነገር አላየሁም፤ መጀመሪያ የነካሁት በመዳፌ ነው።

«ጭነቱ የሚፈታበትን ገጽ ሣልልኝ» አለ። «ንግግሩንም አንተው ጻፈው። ጊዜ አለን።»

ሻይ አስመጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እርሳሱን አነሣሁ፤ ሽታው ብቻ እንባ ሊያመጣብኝ ነበር። መጀመሪያ በሩን ሣልኩ፣ ከዚያ ጅቡን፣ ከዚያ ተንበርክካ ጀርባዋን ያሳረፈች አህያ። ቀኝ ጉልበቷ ቀድሞ የታጠፈ፣ ያ ጆንያ የተሸከመ ሰው ባስተማረኝ አኳኋን። ገመዱ ተፈቷል። የመምህሩ ቃል በጆሮዬ ነበርና ጆንያው ውስጥ ሌላ አህያ አስተኛሁ። ተጠቅልላ የምትተኛ፣ ከተሸካሚዋ ቀጠን የምትል። እጄ በራሱ ጊዜ ይሄድ ነበር። ክፍሉን፣ ሻዩን፣ ሰውዬውን ረስቻለሁ። በዚያች ሰዓት ነጻ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ስነቃ የተኛችው አህያ ግራ ጆሮ ታጥፎ አገኘሁት።

አልፈለግሁትም፤ ግን ሥዬዋለሁ። ጆሮው መስማት የተወ ጆሮ ነው፤ ማንም ያየ ሰው ያውቀዋል። ጓደኛዬን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ በራሴ እጅ ላስረክባት ነው። መርማሪው የሚፈልጋት ሴት አንድ ምልክቷ ያ ብቻ ነበር። ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ቃሉን መርጦ ሊደብቅ ይችላል፤ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እጄን ያስለመድኩት ያየውን እንዲሥል ነው። ላጲስ ደግሞ አልሰጠኝም። ሰውዬው ሻዩን አስቀምጦ ወደ ወረቀቱ አዘንበል ማለት ጀመረ።

ከጋሼ ጋር ስንት ከሰዓት ስለ ሸማ ስናወራ እንደዋልን አላውቅም። ነጠላ ጣል አደረግሁባት። ነጠላ ግን ስስ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ውስጥ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጆሮውን ሊደብቅ የሚችለው ጥቁሩ ጥለት ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥለቱን ራሷ ላይ፣ ልክ በታጠፈው ጆሮ ላይ አሳለፍኩትና እርሳሱን ጫን አድርጌ ደጋግሜ አጠቆርኩት። ጨርሼ ወረቀቱን ገፋ አደረግኩለት። ክቦቹን ባዶ ትቻቸዋለሁ።

ረጅም ጊዜ አየው። ጓደኛዬ እንደምታየው ዓይነት ነው ያየው። 

«ነጠላዋን አዘቅዝቃለች» አለ። «ማን ሞቶባት ነው?»

ያኔ ነው ያየሁት። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ኀዘንተኛ አልብሻታለሁ። ጆሮ ለመደበቅ ስሯሯጥ ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያነበውን ነገር ጽፌያለሁ። ተሳስቼ ነው ብል ሥዕሉ ሊመረመር ነው። አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ የወጣው ቃል ግን ብዙ የቆየ ይመስል ነበር።

«ለተሸከመቻት ነው የምታዝነው» አልኩ። «እስከዚህ ድረስ የመጣችው በማን ጀርባ እንደሆነ ታውቃለች። ቃጭሏን፣ ጥላዋን፣ ስሟን ትታላታለች። ከዚህ በኋላ የምትተወው ምን እንደቀራት ስለምታውቅ ቀድማ አዘነች።»

መርማሪው አልጻፈም። ሻዩ ቀዝቅዟል። ንግግር ለምን እንዳልጻፍኩ ጠየቀኝ፤ እዚህ ገጽ ላይ የሚናገር የለም አልኩት። እንደገና አየው። ከዚያ እርሳሱን መለሰልኝና ከሥሩ እንድፈርም ነገረኝ። «ሥዕልና ጽሑፍ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ውሸት ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ገጽ ግን በእርግጥም እኔ ነበርኩ የጻፍኩት።

«እሺ» አለ። «ያንተ ነው።» ስለ ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ጠይቆኝ አያውቅም።

ክፍል ገብቼ የሆነውን ለጋሼ በሹክሹክታ ነገርኩት፤ ጆሮውን አላነሣሁም፣ ነጠላውን ብቻ። ከእሱ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነጠላ አዘቅዝቄ መሣሌ ለሸማ ተራ ውርደት መሆኑን ነገረኝና እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየት አደረገ። የሆነ ነገር እንደገባው አውቃለሁ። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ አስተካከለው።

ጣቴ ላይ የእርሳስ ጥቁር ቀርቶ ነበር። ብርሃኗ ጥጉ ጋ ስትደርስ ተነሥቼ ጣቴን ግድግዳው ላይ አሸሁት፤ አህያዋ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ፣ ከእግሯ ሥር ትንሽ ጥላ ሣልኩላት። ከዚያ ሁሉ በጣት ከተሣለ ነገር የቀረችው ያች ጥላ ብቻ ናት። የሞባይል ጠጋኙ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ፍራሽ ሲዘረጋ ሁሉም ያችን ጥግ ሳይነካ ይዘረጋ ነበር፤ እንዲህ አድርጉ ያለ ግን የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ለቀቁኝ። ጋሼም ቆይቶ ወጣ፤ አሁን ሱቁ ውስጥ ነው፣ ባለፍኩ ቁጥር ነጠላ አለባበስ ሊያስተምረኝ ይጠራኛል። መምህሩ የት እንደደረሰ አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ጓደኛዬን ያገኘኋት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ነው። በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፣ ስለዚያ ገጽ ለመንገር ግን ሰነፍኩ። ውለታ የማስቆጥር ይመስላል ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ሰሞን አምስተኛውን ቅጽ ለመጨረስ ስንቀመጥ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። መጀመሪያ ጭነቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቅኳት።

«ገለባ ነበር» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ገለባ ነበር። ጅቦቹ የፈሩት ገለባ ሆኖ ሲገኝ ከተማው በሙሉ እንዲስቅባቸው ነበር ያሰበችው። «አንተ ግን እየሣልክ ስታመጣው እየከበደ ሄደ» አለች። «እንዴት ብዬ ልንገርህ? አብሬው የምሠራው ሰው አንገቷን እንደዚያ አጉብጦ አመጣልኝ፣ ገለባ ነው ብዬ ላፍርስበት?»

በዚያ ክርክራችን ማን እንዳሸነፈ እስካሁን አልገባኝም። ገለባው የእሷ ነው፣ ክብደቱ የእኔ። እኔ ደግሞ ክብደቱን ያገኘሁት እሷ ዛሬ ይከብዳል ስላለችኝ ነው። መጽሐፍ አዟሪዎቹ ጋ ሰው ቆሞ ሲያገላብጥ ሳይ፣ የቱ እንደያዘው ለማወቅ ዓይኑን እከታተላለሁ። አይታወቅም።

ከዚያ ከወጣሁ በኋላ በድጋሚ የሣልኩትን ያን ገጽ አወጣሁላት። በሩ፣ ጅቡ፣ የተንበረከከችው አህያ፣ የተኛችው፣ ነጠላው። የነበረውን ሁሉ ነገርኳት፤ መርማሪው የጠየቀኝን ሴትዮ፣ ወረቀቱን፣ ጥለቱን ለምን እዚያ እንዳሳለፍኩት። እንደ ልማዷ ረጅም ጊዜ አየችው። አስፋልቱ ላይ አንድ ሰው ከግራዋ በኩል «ዞር በሉ» እያለ አለፈ፤ አልሰማችውም። ጣቷን ጥለቱ ላይ አሳረፈችው።

«ማንም አልሞተብኝም» አለች። «አንሣው።»

ላጲሴን አውጥቼ ነጠላውን አነሣሁ፤ ከሥሩ ግራ ጆሮዋን፣ እንደታጠፈ፣ ሣልኩት።